ቱርቦ ከመግጠማችሁ በፊት ብሎኩን እዩት

ጥቅምት አጋማሽ ነበር፤ የእሸት ቡና ለቀማው በጦፈበት ሰሞን፡፡ ከጌራ ገበሬዎች የገዛሁትን አስራ ስምንት ጆንያ ቀይ እሸት በላንድክሩዘር ፒክ አፕ ጭኜ ወደ አጋሮ እየነዳሁ ነው፡፡ መኪናዋ ቱርቦ ከተገጠመላት ገና ሁለት ወር አልሞላትም፡፡ ድሮ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀች የምትወጣውን ዳገት በሶስተኛ ስትወጣው የእኔም ልብ አብሮ ይወጣ ነበር፡፡ ከዚያ አንድ “ጧ” የሚል ድምፅ ሰማሁ፡፡ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ተነሳ፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍተው ሞተሩ በዚያ በኩል እንደ ባቡር ይተነፍሳል፡፡ ሶስተኛው ፒስተን ተሰንጥቆ ነበር፡፡

የቡና አገር ሰው ለሆነ የቀረውን መንገር አያሻም፡፡ ለሌላው አንባቢ ልንገር፡፡ ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ በጆንያ ታፍኖ ካደረ ይሞቃል፣ ይቦካል፡፡ በማግስቱ በኪራይ መኪና መፈልፈያ ጣቢያው በር ላይ ስደርስ ጆንያው ከሩቅ ይሸት ነበር፡፡ አልተቀበሉኝም፤ እኔም ብሆን አልቀበልም፡፡ እሸቱ አልጋ ላይ ተሰጥቶ በጀንፈል ዋጋ፣ ያውም ዝቅ ባለው ተሸጠ፡፡ ገንዘቡ የራሴ አልነበረም፡፡ ከፍዬ የጨረስኩት ሁለት የቡና ወቅት ካለፈ በኋላ ነው፡፡

ሞተሩን ያወረደልኝ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያደገ አዛውንት መካኒክ ነው፡፡ የጣሊያን ጋራዥ ቃላት በአፉ ላይ ሳይደበዝዙ ከቀሩ ሰዎች አንዱ ነው፤ ቴስታታ፣ ካሚሻ፣ ጓርኒሲዮን፣ ብሮንዚና እያለ ሲጠራቸው የቤተሰቡን ስም የሚጠራ ይመስላል፡፡ የተሰነጠቀውን ፒስተን በመዳፉ ላይ አገላብጦ አየና፣ “ጋሼ፣ ቱርቦው ነው አይደል ያጠፋው?” ብዬ ስጠይቀው ሳቀብኝ፡፡

“ቱርቦው ምን አደረገ ልጄ! አንተ ነህ በአሮጌ ግድግዳ ላይ ፎቅ የሰራኸው” አለኝ፡፡

ይህንን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ግድግዳ ምን እንደሆነ ዘግይቶ ለገባው ለእኔ ዓይነቱ ሰው ነው፡፡ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በቦንጋ መንገድ ላይ “ቱርቦ ላስገጥም” የሚል የአሮጌ ናፍታ መኪና ባለቤት በየጋራዡ አይጠፋም፡፡ ሃሳቡ ሞኝነት አይደለም፤ ምክንያት አለው፡፡ ምክንያቱን ቀድመን እንየው፡፡

ጅማ ከባህር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፡፡ ባህር ዳርቻ ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን እኛ ጋ ወደ 82 ይወርዳል፡፡ አዲስ አበባ ሲደርሱ ደግሞ 76 አካባቢ ነው፡፡ ሞተር የሚኖረው በሚተነፍሰው አየር ልክ ነውና ቱርቦ የሌለው ናፍታ ሞተር ጅማ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ሳይጠቀምበት ይቀራል ማለት ነው፡፡ በአገራችን በብዛት የሚታየውን የላንድክሩዘር ሞተር፣ 1ኤችዜድ የሚባለውን እንውሰድ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ 4,164 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ነው፡፡ ወረቀቱ ላይ 130 ፈረስ ገደማ ይላል፤ እዚህ ዳገት ላይ ግን እውነተኛው ከ105 ብዙም አይርቅም፡፡ አንድ ቶን ጭኖ ከጊቤ ሸለቆ ወደ ወልቂጤ የወጣ ሹፌር ይህን ያለ ሒሳብ ያውቀዋል፡፡

ቱርቦ ይህን የጎደለ አየር ይመልሳል፡፡ በጭስ ማውጫው የሚወጣው ትኩስ ጋዝ አንዱን ክንፍ ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሌላው ክንፍ ንጹህ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል፡፡ ጅማ ላይ 0.2 ባር ብቻ ቢገፋ ሞተሩ ባህር ዳርቻ ያለ ያህል ይተነፍሳል፡፡ እስከዚህ ድረስ ቱርቦ ለብሎኩ እንግዳ ነገር አላመጣበትም ማለት ይቻላል፤ ፋብሪካው የሰራው ለዚያ ግፊት ነውና፡፡ ጣጣው የሚጀምረው ሰው እዚያ ላይ ስለማይቆም ነው፡፡ እኔም አልቆምኩም፡፡ የገጠመልኝ ሰው 0.8 አደረሰው፣ የናፍታ ፓምፑን ብሎን ሁለት ዙር ጨመረበት፣ እኔም ጥቁር ጭሱን እያየሁ “ጉልበት ነው” አልኩ፡፡ ጥቁር ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍታ ነው፤ ከእሱ ጋር ያለው ደግሞ ፒስተኑን የሚያቀልጥ ሙቀት ነው፡፡

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፡፡ የቱርቦው ጌጅ የሚያሳየው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፡፡ ጅማ ላይ 0.5 ካለ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው በጠቅላላው 1.3 ባር ገደማ ነው፡፡ ያው መኪና ጊቤ ድልድይ ላይ ወደ 1,100 ሜትር ሲወርድ ጌጁ ያንኑ 0.5 እያለ ሲሊንደሩ 1.4 ይቀበላል፤ ያውም በበረሃ ሙቀት፡፡ ቀጥሎ የሚጠብቀው ደግሞ ረጅሙ ዳገት ነው፡፡ ስለዚህ ጅማ ከተማ ውስጥ “ተሞክሮ ተስማማ” የተባለ ሞተር ጊቤ ላይ ቢሰነጠቅ ጥንቆላ የለበትም፡፡

አሁን ወደ ብሎኩ እንምጣ፡፡ ብሎክ ማለት ሲሊንደሮቹ የተቦረቦሩበት፣ ክራንክ ሻፍቱ ከስር የተቀመጠበት፣ ውሃና ዘይት በጎኑ የሚዞርበት ያ ከባዱ ብረት ነው፡፡ ሌላው ሁሉ ተፈትቶ ይቀየራል፤ ብሎክ ሲሞት ግን ሞተሩ ሞተ ይባላል፡፡ ቱርቦ በብሎክ ላይ ሁለት ነገር ይጨምርበታል፤ ግፊትና ሙቀት፡፡ ግፊቱ ቴስታታውን ወደ ላይ ሊነቅል ይታገላል፣ ክራንክ ሻፍቱን ወደ ታች ይመታል፡፡ ሙቀቱ ደግሞ ግድግዳውንና ፒስተኑን ይበላል፡፡ ሰው የሚፈራው ግፊቱን ነው፡፡ እኔ ካየሁት፣ በእኛ አገር የሚገድለው ሙቀቱ ነው፡፡

ቶዮታ ራሱ ይህንን እንዴት እንደፈታው ማየት ያስተምራል፡፡ ከ1ኤችዜድ ጋር በአንድ ዘመን 1ኤችዲ-ቲ የሚባል ባለቱርቦ ወንድም ሰርቶለታል፡፡ የሁለቱም ሲሊንደር ስፋት 94 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስም 100 ሚሊሜትር ነው፤ ከውጪ ላየው መንታ ናቸው፡፡ ውስጣቸው ግን ይለያያል፡፡ ቱርቦ የሌለው አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ ይጨምቀዋል፤ ባለቱርቦው 18.6 እጥፍ ብቻ፡፡ ቱርቦው አስቀድሞ ስለጨመቀው ሞተሩ ያን ያህል መጭመቅ የለበትም፡፡ ባለቱርቦው ብሎክ ውስጥ ደግሞ ከየፒስተኑ ስር ዘይት የሚረጩ ትንንሽ አፍንጫዎች አሉ፤ ፒስተኑን ከሆዱ በኩል ያቀዘቅዙታል፡፡ የእኔ ሶስተኛ ፒስተን ይህ አልነበረውም፡፡

ታዲያ የቱን ብሎክ እንምረጥ? መንገዱ ሶስት ነው፡፡ የመጀመሪያው ባለቱርቦውን ወንድም ሙሉውን ገዝቶ መትከል ነው፡፡ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ ከተገኘ፡፡ ሁለተኛው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ብሎክ መግዛት ነው፡፡ ሶስተኛው መኪናዋ ይዛው የተወለደችውን ማደስ ነው፡፡

ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞሬያለሁ፡፡ ብሎክ ሞልቷል፤ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ግን የለም፡፡ የቱ ሙቀት እንደመታው፣ የቱ በወንዝ ውሃ አስር ዓመት እንደኖረ፣ የቱ አንዴ ተሰንጥቆ እንደተበየደ የሚነግርህ የለም፤ ሁሉም “ዱባይ ነው፣ ንጹህ ነው” ነው፡፡ ዋጋውም የድሮው አይደለም፡፡ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፡፡ ከዚያ ወዲህ አሮጌ ሞተር የሚጣል ነገር መሆኑ ቀረ፡፡

ከዋጋው የሚብሰው ወረቀቱ ነው፡፡ የሞተር ቁጥር የሚመታው ብሎኩ ላይ ነው፤ ያው ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል፡፡ ስለዚህ ብሎክ መቀየር ማለት የሞተር ቁጥር መቀየር ማለት ነው፡፡ ሻጩ የጉምሩክ ሰነድና ሕጋዊ ደረሰኝ ካልሰጣችሁ ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርቡ ማን ይመልስላችኋል? አንድ ደላላ “ቁጥሩን ሞርደን የድሮውን እናስመታለን፣ ማን ያያል” አለኝ፡፡ ይህ ወንጀል ነው፤ መኪናውንም ሊያስወርስ ይችላል፡፡ ሻዩን አመስግኜ ወጣሁ፡፡

ወደ ገዛ ብሎኬ ተመለስኩ፡፡ ሲጨንቀኝ ሳይሆን ታሪኩን ስለማውቀው ነው፡፡ ከጨረታ የገዛኋት መኪና ናት፤ የአገልግሎት ደብተሯ ነበር፤ ሞቃ ፈልታ አታውቅም፡፡ አንድ ፒስተን መሰንጠቁ ብሎኩን ገደለው ማለት አይደለም፡፡ ግን መመርመር ነበረበት፤ ምርመራው ላይ ነው ሰው ገንዘብ የሚሰስተው፡፡

መጀመሪያ ብሎኩ ባዶውን ይቅር፤ በጎኑ ያሉት ክብ የቆርቆሮ መድፈኛዎች ሳይቀሩ ይውጡ፡፡ የእኔን ሲያወጡት ከውሃው መንገድ የወጣው ነገር የሸክላ ጭቃ ይመስል ነበር፡፡ ከውሃ ፓምፑ በራቀው በስድስተኛው ሲሊንደር ዙሪያ ደለሉ ግማሽ መንገዱን ዘግቶታል፡፡ ራዲያተር ውስጥ የወንዝ ውሃ የምንሞላ ሁሉ የምናመርተው ይህንን ነው፡፡ ብሎክ ማጠንከር የሚባለው ግማሹ ሥራ ይህንን ጭቃ ማውጣት ነው ብል ማጋነን አይደለም፡፡ ደለል በተኛበት ግድግዳ ሙቀት ማለፍ አይችልም፡፡

ቀጥሎ ስንጥቅ ፍለጋ ነው፡፡ ብሎኩን አንጠልጥላችሁ በትንሽ መዶሻ ስትመቱት እንደ ደወል ከጮኸ ደህና ምልክት ነው፤ እንደ ሸክላ ድስት ከታፈነ ጠርጥሩ፡፡ ከዚያ የአዛውንቱ ዘዴ አለ፡፡ የጸዳውንና የደረቀውን ብሎክ በነጭ ጋዝ ይቀባዋል፤ ጥቂት ያቆየውና በጨርቅ ያደርቀዋል፤ የጠመኔ ዱቄት ይነሰንስበታል፡፡ ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ወደ ጠመኔው ይወጣና እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይሥላል፡፡ በሲሊንደሮቹ መካከልና በቴስታታው ብሎን ቀዳዳዎች ዙሪያ አተኩራችሁ እዩ፡፡ ይህ ከላይ ያለውን ስንጥቅ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ የውስጡን ለማወቅ የውሃው መንገድ ተደፍኖ፣ ሙቅ ውሃ ተሞልቶ በአየር ግፊት መፈተሽ አለበት፡፡ ይህን አዲስ አበባ ያለ ሬቲፊካ ቤት ሰራልኝ፡፡ አላፈሰሰም፡፡

ልኬቱ ሶስተኛው ነው፡፡ እያንዳንዱ ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ይለካል፤ በየቦታው ደግሞ በሁለት አቅጣጫ፡፡ ፋሻው የሚመለስበት የላይኛው ክፍል ሁልጊዜ ይበልጥ የተበላ ነው፡፡ የእኔ ራሴ ያወጣሁት ደንብ፣ ከላይና ከታች ያለው ልዩነት ከ0.1 ሚሊሜትር ካለፈ ፋሻ ብቻ ቀይሮ መግጠም የለም፤ ሲሊንደሩ መስፋት አለበት የሚል ነው፡፡ የብሎኩ የላይኛው ገጽም በቀጥ ያለ ብረትና በስፌሶር ይፈተሽ፡፡ ጠምሞ ከሆነ ይላጣል፤ ግን ባለሙያው እንደ ልማዱ አብዝቶ እንዳይልጠው ቆማችሁ እዩ፡፡ ገጹ በተላጠ ቁጥር ፒስተኑ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ መጨመቁም ይጨምራል፤ ለቱርቦ ደግሞ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው፡፡ ፋብሪካው ጓርኒሲዮኑን በተለያየ ውፍረት የሚሰራው ለዚህ ነው፡፡ የፒስተኑን ከፍታ ለክታችሁ ተስማሚውን ምረጡ፤ ሻጩ እጁ የገባውን አይስጣችሁ፡፡

ብዙ ክርክር ያለው ካሚሻው ላይ ነው፡፡ እንደ አይሱዙ ኤንፒአር 4ኤችኤፍ1 እና 4ኤችጂ1 ያሉት ሞተሮች ሲሰሩ ጀምሮ ካሚሻ አላቸው፤ አውጥቶ አዲስ ማስገባት የተለመደ ሥራ ነው፡፡ 1ኤችዜድ ግን ሲሊንደሩ የተቦረቦረው በራሱ በብሎኩ ብረት ነው፡፡ ጋራዦቻችን “ካሚሻ እናልብሰው፣ ይጠነክራል” ማለት ይወዳሉ፡፡ እኔ አልስማማም፡፡ ካሚሻ ለማልበስ ግድግዳው ይሰፋል፣ ይሳሳል፤ በካሚሻውና በግድግዳው መካከል ጥቂት እንኳ ክፍተት ከቀረ ሙቀቱ እዚያ ይታገዳል፡፡ በደንብ ያልተቀመጠ ካሚሻ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይሰምጥና ጓርኒሲዮኑ ይበላል፡፡ ግድግዳው ጤነኛ ከሆነ በግማሽ ሚሊሜትር አስፍቶ ትልቁን ፒስተን ማስገባት ይሻላል፡፡ ካሚሻ ለተፋቀና ለተቦረቦረ ግድግዳ መድኃኒት ነው፤ ለጤነኛ አይታዘዝም፡፡

ሲሊንደሩ ሲሰፋ ሬቲፊካ ቤቱን አንድ ነገር ጠይቁ፡፡ ቴስታታው በሙሉ ኃይል ሲታሰር ብሎኩ በጥቂቱ ይጎብጣል፤ ክብ ሆኖ የተቦረቦረው ሲሊንደር ሲታሰር ክብ አይሆንም፡፡ ስለዚህ የመጨረሻው ሙረዳ ሲሰራ በቴስታታው ፋንታ መሃሉ የተበሳ ወፍራም ብረት አስረው ቢሞርዱት ፋሻው በትክክል ይቀመጣል፡፡ ሁሉም ጋ የለም፡፡ ያለበትን መፈለግ ግን ይገባል፡፡

የፋሻው አፍ ክፍተትም ለቱርቦ ሰፋ ይላል፡፡ ፋሻ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ከተገናኙ ሌላ መሄጃ ስለሌለው ፒስተኑን ይሰነጥቀዋል፡፡ የእኔ ፒስተን የተሰነጠቀው ልክ በፋሻው መቀመጫ ላይ ነበር፡፡ ከፒስተኑ ጋር የሚመጣውን ወረቀት አትጣሉ፤ ልኩ እዚያ ላይ ነው፡፡ ብሮንዚናው አዲስ ይሁን፣ የቴስታታው ቡሎኖችም እንዲሁ፡፡ የተሳበ ቡሎን ሁለተኛ ጊዜ ሲታሰር እንደ አሮጌ ላስቲክ ነው፡፡

ዘይት የሚረጨውን አፍንጫ በተመለከተ፣ በ1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ መግጠም እጅግ በተለመደበት በአውስትራሊያ ብሎኩን በስተው የሚተክሉ አሉ፡፡ እኔም አስቤበት ነበር፡፡ መሰርሰሪያው ዋናውን የዘይት ቧንቧ ነው የሚነካው፤ አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ውስጥ ብትቀር ብሮንዚናውን ትጨርሳለች፡፡ የዘይት ፓምፑም ለተጨማሪው መርጫ መብቃት አለበት፡፡ ይህን ደጋግሞ የሰራ እጅ ስላላገኘሁ ተውኩት፡፡ ሌላ ወጣት ደግሞ የውሃውን መንገድ በሲሚንቶ መሰል ነገር መሙላት ብሎኩን እንደሚያጠነክር አንብቦ መጥቶ ነገረኝ፡፡ እውነቱን ነው፤ ለአጭር ርቀት ውድድር መኪና ይደረጋል፡፡ ለቡና ጫኝ ግን ራዲያተሩን አውልቆ እንደ መጣል ነው፡፡

አፍንጫውን ስለተውኩ ዋጋውን በሌላ በኩል ከፈልኩ፡፡ ቱርቦውን ከ0.8 ወደ 0.4 አወረድኩት፡፡ የፓምፑን ብሎን ጥቁር ጭስ እስኪጠፋ ድረስ አስመለስኩት፡፡ ከቱርቦው በፊት የጭሱን ሙቀት የሚለካ ጌጅ አስተከልኩ፤ 700 ዲግሪ ሲጠጋ እግሬን አነሳለሁ፡፡ የራዲያተሩን ክዳንም ቀየርኩ፡፡ ስለ ክዳን ማውራት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ጅማ ላይ ያልታፈነ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ግፊቱን የማይዝ ክዳን ያለው ሞተር ዳገት ላይ ብሎኩ ውስጥ እንፋሎት ያዞራል፡፡ እንፋሎት ደግሞ ብረት አያቀዘቅዝም፡፡ ከወንዝ ውሃም ተፋትተናል፤ ዝገት የሚከላከል ኩላንት ነው የምሞላው፡፡

አሁን ሁለት የቡና ወቅት ሰርታለች፡፡ ዘይት አትበላም፤ ስትነሳ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ነጭ ጭስ አላት፣ ወዲያው ይጠፋል፡፡ ባለፈው ኅዳር ከጌራ እሸት ጭኜ ስመለስ አንድ አዛውንት ገበሬ ጋቢና ውስጥ አጠገቤ ነበሩ፡፡ ያቺ ዳገት ላይ ስንደርስ የሙቀቱ ጌጅ 680 አለ፤ እግሬን አነሳሁ፡፡ አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ አልፎን ሄደ፡፡

“ቱርቦ ናት አላልከኝም እንዴ?” አሉኝ ሽማግሌው፡፡

“ናት አባቴ” አልኳቸውና ወደ ሁለተኛ ማርሽ አወረድኳት፡፡